የእግር ልክ

ሁለት ማስተር ሲሊንደር ጠረጴዛ ላይ ተኝተዋል፤
ከሥራቸው የትናንት ጋዜጣ የፍሬን ዘይት ጠጥቷል።
አንዱ ውስጡ ሰፊ፣ ሃያ አምስት ሚሊሜትር፤
አንዱ ጠበብ ያለ፣ ከሃያም በታች የሚቆጠር።
ውጭ የቺያቱራ ዝናብ፣ ከማንጋኒዝ አቧራ ጋር፣
ጠቁሮ ይንጠባጠባል በኦቲያ ጋራዥ ጣራ ዳር።

ቮልጋዋ የአባቴ ናት። እሱ ሲያርፍ እሷም አርፋ ነበርና
የጃፓን ሞተር ገዝቼ አስነሣኋት እንደገና።
ከፊት እግሮቿ ታምቡሩን ፈትቼ ጥዬ
ዲስክ አሰርኩላት፣ ግማሹን በዱቤ፣ ግማሹን ሰዓቴን ሸጬ ከፍዬ።
የቀረኝ አንድ ዕቃ ነው፣ ከፔዳሉ ኋላ ተደብቆ
የእግርን ቃል ለጎማ የሚያደርስ፣ በዘይት ውስጥ ጠልቆ።

የድሮው ማስተር አንድ ክፍል ነበር፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ
በአራቱም ጎማ በኩል ተስፋ አብሮ ፈሰሰ።
አባቴን አንድ ክረምት በሪኮቲ ቁልቁለት
ፔዳሉ ወለል ገብቶ ባዶ ሲሆንበት
በእጅ ፍሬንና በሰው አጥር ነው የቆመው።
ስንጠይቀው፣ "አጥሩ ጥሩ ነበር" ብቻ ነው የሚለው።

ስለዚህ እነዚህኞቹ ባለ ሁለት ክፍል ናቸው፤
የፊቱ ቢከዳ የኋላው እንዲቀር አድርገው የሠሯቸው።
ልዩነቱ ስፋት ነው። እኔ ወደ ሰፊው አደላሁ፤
"ይኸኛው ጉልበት አለው" አልኩ፣ በእጄ እየመዘንኩ፣ እየኮራሁ።

ኦቲያ የማዕድን መኪና ሲጠግን ያረጀ ነው።
ሱፍ እየፈለጠ ሰማኝ፤ ቅርፊቱን በመዳፉ ሰበሰበው።
"ማን ነው የሚረግጠው?"
"ምኑን?"
"ፔዳሉን ነዋ። መኪና እግር የለው።"
"እናቴ ናት የምትነዳው።"
"ጥራት። የሁልጊዜ ጫማዋን አድርጋ ትምጣ።"

መጣች ናዚብሮላ፣ እናቴ፣ ጃንጥላዋን ዘቅዝቃ፤
ሠላሳ ዓመት በሽቦ ላይ በሚንሳፈፍ ሣጥን
ሰው ከገደል ገደል ስታሻግር ኖራ ጡረታዋን ጠብቃ።
ቀኝ ጉልበቷ ውስጥ አሁን ሐኪም ያስገባው ብረት አለ፤
ደረጃ ስትወርድ "ዝናብ ሊመጣ ነው" ትላለች፤
አመመኝ አትልም። ዝናቡም ብዙ ጊዜ ይመጣል።

መጀመሪያ የእኔን ምርጫ ገጠምን።
በግቢው ዳገት አቆምናት፤ ለቀቅናት፤ እናቴ ረገጠች።
ቮልጋ አዘገመች እንጂ አልቆመችም፤
የብረቱን በር በግንባሯ ገጭ አድርጋ አረፈች።
"ድንጋይ ነው የረገጥኩት" አለች እናቴ።
ስለ ጉልበት ስለፈልፍ
ጉልበቷን ረስቼ ነበር፣ አቤት ጥፋቴ።

ኦቲያ አልሳቀም። ከኮሌታው ሥር መርፌ መዘዘ፤
"ይቺን እያት" አለኝ፣ በሁለት ጥቁር ጣት እንደያዘ።
"ጨርቁን የምትወጋው ቀጭን ስለሆነች ነው።
ያው እግር፣ ያው ግፊት፣ በጠባብ ሲያልፍ ነው የሚበረታው።
ዋጋ ግን አለው፤ ፔዳሉ ርቆ ይሄዳል፤
ልኩን ካለፈ ደግሞ ሳይዝ ከወለል ይጋጫል።"

ጠባቡን ገጠምን። አየሩን አስወጣን እስኪመሽ፣
አንዱ ሲረግጥ አንዱ ሲከፍት፣ "ያዝ!" "ልቀቅ!" ሲባባሉ፣
ጠርሙሱ ውስጥ አረፋው አልቆ ዘይቱ ብቻ እስኪዘልቅ።
ኦቲያ ጎንበስ ብሎ ከፔዳሉ ሥር ለካ፤
እናቴ እስከ መጨረሻ ረግጣ
ሁለት ጣት ይቀራል። "ይበቃል" አለ።

እሑድ ወደ ዜስታፖኒ ወረድን፣ መንገዱ እንደ ረጠበ።
በመጀመሪያው እጥፋት ቮልጋ ጎንበስ አለች፣ ታዘዘች።
በሁለተኛውም።
በሦስተኛው እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች፦
"ባድሪ፣ እግርህን አንሣ።"
ወደ ታች አየሁ። ቀኝ እግሬ፣ ፔዳል በሌለበት ወለል፣
ምንጣፉን እስከ ብረቱ ረግጦ ይዟል።